«እግሬ አልታጠፍ አለ» ላለችኝ እህት

ጥያቄው እንዲህ ይላል፤ ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።

«ዕድሜዬ 33 ነው። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ካገባሁ 9 ዓመት ሆነኝ፤ 2 ልጆች አሉኝ። ትንሹን የወለድኩት በኦፕራሲዮን ነው፤ አሁን 1 ዓመት ከ4 ወሩ ነው፤ እስካሁን ይጠባል። ሥራዬ ልብስ ስፌት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ነው የምውለው። ባለቤቴ ባጃጅ ይነዳል። በቅርቡ አንድ አዲስ ነገር እንሞክር አለኝ፤ እኔ በጀርባዬ ተኝቼ ሁለቱንም እግሮቼን ትከሻው ላይ የማደርግበት ዓይነት። አላስገደደኝም፤ እኔም ጓጉቼ ነበር። ሦስት ጊዜ ሞክረን ሦስቱንም ጊዜ አቆምን። መጀመሪያ ከጉልበቴ ጀርባ እሳት ለቀቀብኝ። በሁለተኛው ወገቤን ቆረጠኝ፤ ጠዋት ጎንበስ ማለት አቃተኝ። በሦስተኛው ደግሞ ሆዴ ውስጥ ጠልቆ ወጋኝ። ባለቤቴ “ስፖርት ብትሠሪ ይለቅሻል” ይለኛል። ሰውነቴ ደርቆ ነው? ወጌሻ ጋ ብሄድስ?»

እህቴ፣ ከመጨረሻው ልጀምር። ወጌሻ ጋ አትሂጂ። ወጌሻ ንቄ አይደለም፤ እጃቸው የተባረከ አውቃለሁ። ግን አንቺ ዘንድ የወለቀም የተሰበረም ነገር የለም። የሌለ ውልቃት ሲታሽ የሚተርፍሽ እብጠት ነው።

አልደረቅሽምም። ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፤ እዚሁ ባሕር ዳር ነው የምሠራው። እንዲህ ያለ ጥያቄ እኔ ክፍል ውስጥ የሚነሣው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። ታካሚዋ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን አንጠልጥላ፣ በሩን ግማሽ ከፍታ ከቆመች በኋላ «እእ… አንድ ነገር ልጠይቅሽ ነበር» ትላለች። አንቺ በሩ ጋ ሳትደርሺ ጠየቅሽ። በዚያ ላይ በየትኛው ጊዜ የት ጋ እንዳመመሽ ለይተሽ ጽፈሻል። ይሄ ለእኔ ግማሽ ምርመራ ነው።

አንቺ «ሦስት ጊዜ ሞክረን አልሆነም» ትያለሽ። እኔ የማነበው ግን ሦስት የተለያዩ ሕመሞችን ነው። መነሻቸው ለየቅል ነው። የባለቤትሽ «ስፖርት» ለመጀመሪያው ይሠራል፤ ለሁለተኛው በከፊል ይረዳል፤ ለሦስተኛው ግን ምንም አይፈይድም። ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው።

ከጉልበትሽ ጀርባ የለቀቀብሽ እሳት የቋንጃ ነው። ከጭን በስተኋላ ያሉት ረጃጅም ጡንቻዎች ከመቀመጫ አጥንት ይነሡና ጉልበትን አልፈው ቅልጥም ላይ ይታሰራሉ። ሁለት መገጣጠሚያ ነው የሚሻገሩት። ጭንሽን ወደ ሆድሽ ስታመጪ ከላይ ይወጠራሉ፤ ጉልበትሽን ስትዘረጊ ደግሞ ከታች ይወጠራሉ። ሁለቱንም አንድ ላይ ስታደርጊ ገመዱ አይበቃም።

አሁኑኑ ሞክሪው። ምንጣፍ ላይ በጀርባሽ ተኚ። አንድ ጉልበትሽን አጥፈሽ ወደ ደረትሽ አምጪው። መጣ አይደል? ጉልበት ከታጠፈ ጭን እስከ 120 ዲግሪ አካባቢ ይመጣል። አሁን ጭንሽን እዚያው ይዘሽ እግርሽን ወደ ጣሪያው ለመዘርጋት ሞክሪ። እምቢ ይላል። ጉልበት ተዘርግቶ ብዙ ሰው 80 ወይም 90 ዲግሪ ላይ ይቆማል፤ ተቀምጦ የሚውል ሰው ከዚያም በታች።

ታዲያ እግር ትከሻ ላይ ማለት ምን ማለት ነው? ጉልበት ተዘርግቶ፣ ጭን 90 ዲግሪ። ይሄ ባለቤትሽ ገና ምንም ሳይንቀሳቀስ ነው። እሱ ወደ ፊት ጎንበስ ባለ ቁጥር 100፣ 110 እያለ ይሄዳል። ከመጀመሪያው ያልነበረሽን ነገር ነው የተጠየቅሽው። እኔም ብሆን አልችለውም፤ ሥራዬ ሰው ማሳሳብ ሆኖ!

ጉልበትሽን እጠፊው። ተረከዝሽ ትከሻው ላይ መሆኑ ይቅርና የእግርሽ መርገጫ ደረቱ ላይ ይረፍ። ወይም ጉልበትሽ በክርኑ ማጠፊያ ላይ ይንጠልጠል። አቀማመጡ ከሞላ ጎደል ያው ነው፤ ቋንጃሽ ግን ይፈታል። ደረቱ ላይ ያለ እግር ሌላም ሥራ አለው፤ ፍሬን ይሆናል። ምን ያህል እንደሚቀርብ የምትወስኚው አንቺ ነሽ ማለት ነው። ከፈለጋችሁ ደግሞ አንድ እግር ብቻ ይነሣ፤ ሌላው ፍራሹ ላይ ይዘርጋ። ብዙ ጥንዶች እዚህ ላይ ይቆማሉ፤ ወደ ሁለቱ እግር መመለስም አያምራቸውም።

ወደ ወገብሽ ከመሄዴ በፊት የአጥንትን ነገር ላንሣ፤ ማንም አይነግርሽምና። የጭን አጥንት ጫፉ ኳስ ነው፤ ዳሌ ላይ ያለው ጎድጓዳ ሳሕን ነው። የሳሕኑ ጥልቀትና አቅጣጫ ከሰው ሰው ይለያያል። የአንዷ ሳሕን ጥልቅ ሆኖ ጠርዙ ቶሎ ያግዳታል፤ የሌላዋ ዝርግ ሆኖ እንደ ልቧ ትታጠፋለች። ይህን ስፖርት አይቀይረውም። አጥንት አይሳሳብም። መለያው ሕመሙ የሚሰማሽ ቦታ ነው። ጉልበትሽን አጥፈሽ ወደ ደረትሽ ስታመጪ የሚሰማሽ ከኋላ፣ በመቀመጫሽና በጭንሽ በኩል የሚስብ ከሆነ ጡንቻ ነው፤ ጊዜ ስትሰጪው ይለቃል። ከፊት፣ ብሽሽትሽ ላይ እንደ በር ማጠፊያ የሚቆነጥጥ ከሆነ ግን መገጣጠሚያው «እዚህ ጋ አበቃሁ» እያለሽ ነው። እሱን በግድ አትለፊው። ጉልበትሽን ትንሽ ወደ ውጪ ከፈት ስታደርጊው ቁንጠጣው ብዙ ጊዜ ይተውሻል፤ ካልተወሽ እግርሽን ዝቅ አድርጊው። ይህን ብሽሽት ችላ ብለው ለወራት ሲያሳስቡ ከርመው እያነከሱ የመጡ አጋጥመውኛል።

ወደ ወገብሽ እንምጣ። ይሄኛው ትንሽ ሰፋ ይላል።

ዳሌ መታጠፉን ሲጨርስ ከወገብ ይበደራል። እግርሽ ወደ ላይ እየሄደ ዳሌሽ በቃኝ ሲል፣ መቀመጫሽ ከፍራሹ ይነሣና የወገብሽ ጉድጓድ ይጠፋል፤ ወገብሽ እንደ ድልድይ ይጎብጣል። በዚያ ላይ የባለቤትሽ ክብደት አለ። እግርሽ ረጅም ሞፈር ነው በይው፤ እሱ ጫፉ ላይ ሲደገፍ የሚታረሰው ወገብሽ ነው። አንቺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ በስፌት መኪና ላይ ጎብጠሽ የዋልሽ ነሽ። ወገብሽ የቀኑን ድርሻ ጨርሶ ነው አልጋ ላይ የሚደርሰው።

ፍራሻችሁ ስፖንጅ ነው? መሃሉ ገባ ያለ? እንግዲያው እሱም ተባባሪ ነው። ዳሌሽ ጉድጓዱ ውስጥ ሲሰምጥ ወገብሽ ሳትፈልጊ ይጎብጣል። ፍራሹን መሬት ላይ አውርዱት፤ ወይም ገልብጡትና ጠንካራውን ጎን ተጠቀሙ። ከዚያ ጋቢ አምጪ። ጋቢ አራት እጥፍ ጥጥ ነው፤ ከየትኛውም የውጭ ትራስ በላይ አምነዋለሁ። ብትጠቀልይው ቅርጹን ይይዛል፤ ብትዘረጊው ይታጠፍልሻል፤ ይታጠባልም። አንድ ትንሽ ፎጣ ጠቅልለሽ ወገብሽ ጉድጓድ ሥር አስገቢ፤ ከእጅ ክንድሽ ብዙም አይወፍር። ወገቡ እንዳይጎብጥ ይይዝሻል። ጋቢውን ደግሞ እግርሽ በሚያርፍበት በኩል፣ ወይም አንድ ጉልበት ብቻ ስታነሺ በሌላው ጉልበትሽ ሥር አድርጊው። ወፍራም ትራስ በቀጥታ መቀመጫ ሥር ማድረግ በየቦታው ይመከራል። ወገቡ ደህና ለሆነ ሰው ጥሩ ነው። ለአንቺ ግን አሁን አልመክረውም፤ ጉብጠቱን ይጨምረዋል።

ሌላው አማራጭ የአልጋው ጠርዝ ነው። አንቺ ጠርዙ ላይ ትተኛለሽ፤ እሱ መሬት ላይ ይቆማል ወይም በጉልበቱ ይንበረከካል፤ እንደ አልጋው ቁመት። እዚህ ላይ ክብደቱ የሚያርፈው በእግሩ ነው፤ አንቺ ላይ አይወድቅም። ለጉልበቱ አሮጌ ብርድ ልብስ አጥፋችሁ አንጥፉ። ሲሚንቶ ወለል ጉልበት ይበላል።

ስለ እሱ ካነሣን አይቀር፣ የእሱን ወገብ ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ባጃጅ ነጂዎች ደንበኞቼ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ጎብጠው፣ ኮብል ድንጋይ ላይ እየተንቀጠቀጡ ይውላሉ። በ2014 እ.ኤ.አ. ካናዳ በሚገኘው ዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 10 ጥንዶችን በእንቅስቃሴ መቅረጫ መሣሪያ ተከታትለው የወንዱ አከርካሪ በግንኙነት ጊዜ እንዴት እንደሚታጠፍ ለክተው ነበር። ከዚያ በፊት ወገቡን ለሚያመው ሰው ሁሉ «በጎን ተኝታችሁ» ነበር የሚባለው። ልኬቱ ያሳየው ግን ለሁሉም የሚሆን አንድ ምክር እንደሌለ ነው። ሲጎነበስና ሲቀመጥ ለሚያመው ወንድ በጎን መተኛት እንዲያውም ከከፉት አንዱ ሆኖ ተገኘ፤ ሴቷ በእጅና በጉልበቷ ሆና እሱ ከኋላ ሲሆን ወገቡ ይበልጥ ቀጥ ይላል። ሲቆምና ወደ ኋላ ሲለጠጥ የሚያመው ደግሞ በተቃራኒው ነው። ስለዚህ «ለወገብ የሚሆነው የትኛው ነው?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት «ስጎነበስ ነው ወይስ ስለጠጥ የሚያመኝ?» ማለት ያስፈልጋል። ባለቤትሽንም ራስሽንም ጠይቂ። የአንቺ አጻጻፍ የመጎንበስ ይመስላል።

በነገራችን ላይ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት «ወገቤን» እያለ የሚመጣ ባል ይበዛብኛል። ጥናት አላደረግሁም። ግን 55 ቀን ቆጥሬ ዝም እላለሁ።

ሦስተኛው፣ ሆድሽ ውስጥ ጠልቆ የወጋሽ፣ ከሦስቱ በጥሞና እንድታነቢው የምፈልገው ነው። እሱ የጡንቻ ነገር አይደለም።

እግር ወደ ላይ ሲነሣ መንገዱ ያጥራል። የዳሌ አቅጣጫ ስለሚዞር ወደ ማሕፀን በር የሚወስደው ቀጥ ይላል፤ መድረሻውም ይቀርባል። ስሜት ሲመጣ የሴት ብልት ይረዝማል፣ ማሕፀንም ወደ ላይ ይሳባል። ያ እንዲሆን ግን ጊዜ ይፈልጋል። ቶሎ ከተገባ፣ ያውም በዚህ አቀማመጥ፣ የማሕፀን በር ይመታል። ስሜቱ አንቺ እንዳልሽው ነው፤ ጠልቆ የሚወጋ፤ አንዳንዴም ማቅለሽለሽ የሚያመጣ።

አንቺ ደግሞ ታጠቢያለሽ። በማጥባት ጊዜ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ዝቅ ስለሚል ብልት ይደርቃል፤ ቆዳውም ይሳሳል። ይሄ ባልሽን አለመውደድ አይደለም፤ ስሜት ማጣትም አይደለም። ልቧ እየፈለገ ሰውነቷ የማይረጥብ አጥቢ እናት ብዙ ናት። ፋርማሲ ገብተሽ በውሃ የተሠራ ማለስለሻ ጄል ጠይቂ። ቅቤና ቫዝሊን ይቅሩ። ኮንዶም የምትጠቀሙ ከሆነ ቅባት ላስቲኩን ያበላሸዋል፤ ባትጠቀሙም ቫዝሊን ውስጥ ገብቶ ቶሎ አይወጣም፤ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል። ጄሉን መግዛት ካሳፈረሽ ባለቤትሽን ላኪው። ሐሳቡን ያመጣው እሱ አይደል?

የኦፕራሲዮኑ ጠባሳም አለ። ከላይ የሚታየው መስመር ብቻ ነው፤ ከሥር ብዙ ሽፋን ተሰፍቷል። አንዳንዴ እነዚያ ሽፋኖች ሲድኑ እርስ በርሳቸው ይጣበቁና እግር ሲነሣ ወይም ሆድ ሲጨቆን ይስባሉ። ጠባሳሽ ላይ ጣትሽን አድርገሽ ቆዳውን ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን አንቀሳቅሺው። በአንዱ በኩል አልሄድ ካለ፣ በቀን 5 ደቂቃ በቀስታ ማሸት ይረዳል። አንዴ ፊዚዮቴራፒስት ብታሳይሽ ከዚያ ራስሽ ትቀጥያለሽ።

አሁን ከባዱን ልበል። ጥልቅ ሕመሙ በሌላ አኳኋንም ከመጣ፣ ከወር አበባ ጋር ከበረታ፣ ፈሳሽ ወይም ትኩሳት ካለው፣ ከግንኙነት በኋላ ደም ካየሽ፣ ይሄ ትራስ በማስተካከል የሚያልፍ አይደለም። የማሕፀን ኢንፌክሽን፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማሕፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማሕፀን ውጪ ሲበቅል)፣ የእንቁላል ከረጢት እጢ፣ ማዮማ (የማሕፀን ጡንቻ እጢ) ሊሆን ይችላል። የማሕፀን ሐኪም ሊያይሽ ይገባል። «የወለደች ሴት ያማታል» የሚለውን አትስሚ። እኔም ሰምቼው አውቃለሁ፤ ያውም ነጭ ጋዋን ከለበሰ ሰው አፍ።

ሕመሙ ጠልቆ ሳይሆን ገና መግቢያው ላይ ለሆነባቸው ደግሞ አንድ ነገር ማለት አለብኝ። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 62 በመቶ ያህሉ ተገርዘዋል። ብዙዎቻችን ማለት ነው። ጠባሳ እንደ ቆዳ አይለጠጥም። እግር ሰፋ ብሎ ሲከፈት ወይም ወደ ላይ ሲነሣ መግቢያው ይወጠርና ይሰነጠቃል፤ ያቃጥላል። ለእነዚህ ሴቶች ጭን ገጠም ያለበት አኳኋን፣ በጎን መተኛት፣ ብዙ ማለስለሻና ብዙ ጊዜ ይሻላል። የፊስቱላ ቀዶ ጥገና ያደረጉ ደግሞ ሐኪማቸው እስኪፈቅድላቸው መጠበቅ አለባቸው። እዚሁ ከተማችን ያለው የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እየሠራ ነው። እዚያ የታከመች ሴት ይህን ጥያቄ ስትጠይቅ ማንም ዓይኑን አያጉረጠርጥባትም።

ወደ ባለቤትሽ «ስፖርት» ልመለስ። ለቋንጃሽ እውነት አለው። የበር መቃን ፈልጊ። በጀርባሽ መሬት ላይ ተኚና አንድ እግርሽን መቃኑ ላይ ወደ ላይ ደግፊው፤ ሌላው በበሩ ክፍተት አልፎ ይዘርጋ። ቀለል ያለ መሳብ እስኪሰማሽ ወደ መቃኑ ተጠጊ። 30 ሰከንድ ቆዪ። ከዚያ ሌላውን እግር። 60 ሰከንድ ብትቆዪ የተለየ ትርፍ የለውም፤ ይሄ ተለክቷል። በሳምንት 5 ቀን፣ 6 ሳምንት ያህል አድርጊው። እየነጠርሽ አትሳቢ። እግርሽን የሚነዝርሽ፣ የሚያደነዝዝሽ ከሆነ የምትስቢው ነርቭ ነውና አቁሚ። ስፌት ላይ ስትሆኚም በየግማሽ ሰዓቱ ተነሥተሽ ሁለት ደቂቃ ቁሚ። ማታ በሐይቁ ዳር በእግር መሄድ ከቻልሽ ከጂም አይተናነስም፤ ብር አይከፈልበትም።

የሚሰግዱ እናቶች አይተሽ ታውቂያለሽ? በ60 ዓመታቸው 41 ስግደት ሰግደው ቀጥ ብለው የሚነሡ። ዳሌና ጉልበታቸው የከረመው በየቀኑ ስለሚታጠፍ ነው። ግን ልብ በይ፤ ሲሰግዱ ጉልበታቸው ታጥፎ ነው። እግራቸውን ዘርግተው አይደለም።

በአልጋ ላይ እስትንፋስሽን አትያዢ። ሰው ሲያመው ትንፋሹን ይይዛል፤ ትንፋሽ ሲያዝ ከታች ያለው ጡንቻ ይጨመደዳል፤ ሲጨመደድ ይበልጥ ያማል። በአፍንጫሽ ሳቢ፣ ሆድሽ ይነፋ፣ በአፍሽ ቀስ ብለሽ ልቀቂ። «ያንን ጡንቻ አጠንክሪ» የሚሉ መልመጃዎችን ደግሞ ሰው ስላወራ ብቻ አትጀምሪ። ሕመም ያለባት ሴት ብዙ ጊዜ ችግሯ መላላት ሳይሆን አለመላላት ነው።

አንቺ ስትጠይቂ ሌሎችም እንደሚያነቡ አውቃለሁ። ሁለት እግር እንደ ልብ የማይታዘዝላቸው ጥንዶች እዚህ ከተማ ውስጥ ብዙ ናቸው። «አካል ጉዳተኛ ደግሞ ምን ወሲብ አለው» የሚል ሰው ስላለ ዝም ይላሉ። ለእነሱም ትንሽ ልበል።

በፖሊዮ እግሯ የቀጠነ ሴት ችግሯ መታጠፍ አይደለም፤ መያዝ ነው። ጡንቻው ስለማይይዝላት እግሩ ወደ ጎን ይወድቃል፣ ብሽሽቷን ይስበዋል። የተጠቀለለ ጋቢ ከጭኗ በውጪ በኩል አስደግፋ ብታስቀምጥ ያርፍላታል። እግሩ ከጉልበት በላይ የተቆረጠ ሰው በጉልበቱ መንበርከክ ሚዛኑን ያሳጣዋል። እሱ በጀርባው ሆኖ ሚስቱ ከላይ ብትሆን፣ ወይም እጀታ በሌለው ጠንካራ ወንበር ላይ ቢቀመጥ እጆቹ ነጻ ይሆናሉ። ሰው ሠራሽ እግሩን ያውልቅ አያውልቅ የእሱ ምርጫ ነው፤ ካላወለቀው ብረቱ ሌላውን እንዳይቧጥጥ ጨርቅ ይጠምጠምበት።

የአከርካሪ ጉዳት ደርሶባት በዊልቸር የምትንቀሳቀስ ሴት እግሯ ላይ ስሜት ላይኖራት ይችላል። እግሯ ትከሻ ላይ ቢሰቀል አያማትም፤ አደጋው እዚያ ላይ ነው። የማያምም ነገር ሲበዛ አይታወቅም። ከግንኙነት በፊት ሽንቷን ታፍስስ። ከጨረሱ በኋላ መቀመጫዋንና ተረከዟን ባለቤቷ በብርሃን ይይላት፤ የቀላ ቦታ ካለ ጫናው ከዚያ ላይ ይነሣ። ጉዳቷ ከደረት መሃል በላይ ከሆነ ደግሞ ይህን ሁለታችሁም እወቁ። ድንገት ራስን የሚፈልጥ ሕመም፣ የፊት መቅላት፣ ላብ ከመጣ የደም ግፊቷ እየወጣ ነው። ወዲያው አቁሙ፤ አስቀምጧት፤ እግሯን ወደ ታች አውርዱት፤ የጠበቀ ልብስ ፍቱላት። ቶሎ ካልተወ ሐኪም ቤት ነው።

የዳሌ መገጣጠሚያ በሰው ሠራሽ ለተቀየረለት ሰው ይህ አኳኋን አይሆንም። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ ጭን ከ90 ዲግሪ በላይ እንዳይታጠፍ ነው። መገጣጠሚያው ሊወልቅ ይችላል። እርጉዝ ከሆንሽና 5ኛውን ወር ካለፍሽ በጀርባ ተኝቶ መቆየት ትልቁን የደም ሥር ይጫነዋል፤ ያዞራል። በጎን ይሁን። ጉልበታቸው ያለቀ ትልልቅ ጥንዶች ደግሞ መንበርከኩን ይተዉት። ጎን ለጎን ተኝተው የእሷ ጉልበት በእሱ ጭን ላይ ቢያርፍ ማንም አይሰቃይም። ሙቅ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ አድርገው አስቀድመው ጉልበታቸው ላይ ቢያቆዩት ደግሞ ይበልጥ ይቀላል።

አንድ ቀርቶኛል። ባለቤትሽ አላስገደደኝም ብለሻል፤ ጥሩ ሰው ይመስላል። ግን «ስፖርት ብትሠሪ» ሲል ጉድለቱን አንቺ ላይ አስቀምጦታል። ሳያውቅ ነው። በስልክ ላይ የሚታየው ቪዲዮ ተቆራርጦ የተቀጠለ ነው፤ ሠሪዎቹም ሰውነታቸው የሚታጠፍ ተብለው የተመረጡ ናቸው። የልምምዱንና የእረፍቱን ክፍል ማንም አያሳይም። ይህን በመኝታ ሰዓት አትንገሪው፤ አልጋ ላይ የተነገረ ነገር ሁሉ ወቀሳ ይመስላል። ቀን ንገሪው፤ ቡና ላይ፣ ወይም በሐይቁ ዳር ስትሄዱ። «ጉልበቴን አጥፌ እንሞክረው፤ ፍጥነቱን እኔ ልያዝ» በይው። አንድ ቃልም ተስማሙ። «ቁም» ከሆነ ቁም ነው፤ «ትንሽ ብቻ» የለም። ብዙ ሴት «ይሁን፣ ያልቃል» ብላ ትታገሣለች። ሰውነት ግን ይህን ይመዘግባል። በሚቀጥለው ጊዜ ገና ሳይነካሽ ይጨመደዳል። ከዚያ በኋላ የቱም አኳኋን ያማል።

እስከዚያው ወገብሽ እስኪሽር፣ 2 ሳምንት ያህል፣ ይህን አኳኋን ተዉት። ሌላው አልተከለከለም። ወገብሽ ወደ እግርሽ የሚወርድ ንዝረት ካመጣ ነይ። ከሁለቱ ጭኖችሽ መሃል፣ ኮርቻ በሚያርፍበት ቦታ፣ ከደነዘዘሽ፣ ሽንትሽ አልወጣ ካለ ወይም ካመለጠሽ፣ ሁለቱም እግሮችሽ ከከዱሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ሂጂ።

ስትመጪ ካርድ ክፍል ያለው ወረፋ ረጅም ነው፤ ጆሮም ይበዛበታል። ለካርድ ሠራተኛው «የወገብ ሕመም» ብለሽ ብቻ ንገሪው፤ ውሸትም አይደለም። ቀሪውን ውስጥ ትነግሪኛለሽ። ባለቤትሽ አብሮሽ ቢመጣ ደስ ይለኛል፤ ባጃጁን ግቢው ውስጥ ያቁማት። ፎጣውን ከቤት ይዘሽ ነይ፤ ውፍረቱን አብረን እናያለን።